በመርከቡ ግርጌ የተጻፈው ስም

ፎቶ አንሺው ኦቦ ታሲሳ የራሱን ስም «ያንተ ስም ነው» ብሎ በገዛ እጄ አስጽፎኛል። በደሉ ይኸው ነው፤ አልጨመርኩበትም፣ አልቀነስኩለትም። ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር፣ እሱም አለመቻሌን ያውቅ ነበር። ሰው «ስንት ዘመን አለፈው፣ ተወው» ይለኛል። የሚተው ሰው ይተው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶኝ፣ የሁለት ልጆች አባት ሆኜ ነው። በዚያ ዕድሜ የተማረ ሰው ያነበበውን አይረሳም፤ በተለይ መጀመሪያ ካነበባቸው ቃላት አንዱ መሰረቁን የሚነግረው ከሆነ።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ባነር ነው። በገና ሰሞን ለእድራችን ማስታወቂያ ላሳትም ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ወዳለ ማተሚያ ቤት ገባሁ። ባነር ማተሚያ ቤት መግባት ለእኔ ገዳዬ ቤት ቡና እንደመጠጣት ነው፤ ሠላሳ አምስት ዓመት በብሩሽ የበላሁትን እንጀራ አንድ ማሽን ጭርር እያለ በአምስት ደቂቃ ይተፋዋል። ኮምፒዩተሩ ላይ ሲፈን የምትባል ልጅ ተቀምጣለች። በዚያ ቤት በእጅ የተቀባ ነገር ያየሁት ጥፍሯን ብቻ ነው። ወረቀቴን ልሰጣት ስጠጋ ስክሪኑ ላይ ሁለት ሙሽሮች ቆመዋል። ወንዱ ነጭ የመርከበኛ ልብስ ለብሷል፣ ሴቷ ቬሎ አድርጋለች፣ የሁለቱም ራስ ወደ ግራ ዘመም ብሏል። ከኋላቸው ባለ ሁለት ጭስ ማውጫ መርከብ አለ። ቆሜ ቀረሁ።

«አባባ፣ ምነው? አመመዎት?» አለችኝ።

«ይኼን ማን አመጣው?»

«ባኬ ጃማ ሰፈር የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። የተጋቡበት አርባኛ ዓመት ሊከበር ነው። መርከቡ አያምርም? ከግርጌው ግን ስም ተጽፎበታል፤ ላጥፋው ወይስ ልተወው እያልኩ ነው።»

«ምን ይላል?» አልኳት። ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም፤ ከሌላ ሰው አፍ ልስማው ብዬ ነው።

«ታሲሳ ቤኛ» ብላ አነበበች።

«ማሎ፣ እባክሽ ልጄ፣ እስክነግርሽ ድረስ እንዳትነኪው» አልኳት። የእድሩን ማስታወቂያ እዚያው ጠረጴዛዋ ላይ ረስቼው ወጣሁ።

ያኔ ነቀምት ከመናኸሪያው እስከ ገበያው አንድ መንገድ ናት ቢባል ውሸት አይሆንም ነበር። ክረምት ቀዩ ጭቃ ከእግርህ ጫማ ይነጥቅሃል፤ በጋ ደግሞ አቧራው የሸሚዝህን ክሳድ በነጻ ይቀባልሃል። ሻይ አሥር ሳንቲም ነበር፣ ዳቦ አምስት። በገበያ ቀን የአንጮቴው ሥር በቁና፣ ማሩ በቅል ይመጣል፤ ሻጭና ገዢ በኦሮምኛ ተሰዳድበው በአማርኛ ይታረቃሉ፣ ወይም በተገላቢጦሽ። ጎረምሳው ቴትረን ሱሪ ያሰፋል፤ ከጉልበት በላይ የሚያንቅ፣ ከጉልበት በታች እንደ ደወል የተንቦረቀቀ። ማዘጋጃ ቤቱ መንገድ ጠራጊ ያልቀጠረው ሱሪያችሁን ተማምኖ ነው እየተባልን እንሰደብ ነበር። ፀጉር እንደ አንበሳ ጎፈር ይበጠራል፣ ሚዶውም እዚያው ጎፈሩ ውስጥ ተሰክቶ ይውላል። ከገበያው አፋፍ ካለው ሙዚቃ ቤት ጠዋት የኦሮምኛ፣ ከሰዓት የአማርኛ፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ደግሞ የሱዳን ዘፈን ይለቀቃል። የሱዳኑን ቃል አንድም የሚያውቅ የለም፤ ከተማው ግን ከዳር እስከ ዳር አብሮ ይዘፍናል። እኔም የምጽፈውን ፊደል የማውቀው እነሱ ያንን ዘፈን የሚያውቁትን ያህል ነበር። በእነሱ ግን ማንም አልሳቀም።

ሥራዬ ታፔላ መጻፍ ነበር። አዎ፣ ማንበብ የማይችል ታፔላ ጸሐፊ። ዛሬ ስናገረው ልጆች ተረት ይመስላቸዋል። ደንበኛው በወረቀት ጽፎ ይመጣል፣ እኔ ወረቀቱን አይቼ ቆርቆሮው ላይ አሳድጌ እሥለዋለሁ። ፊደል ማለት ለእኔ ሥዕል ነው፤ አንዱ ባለ ሁለት እግር፣ አንዱ ባለ አንገት፣ አንዱ ጆሮው ላይ ቀለበት ያንጠለጠለ። እግሩን ቆጥሬ፣ ቀለበቱን ለክቼ ነው የማስቀምጠው። የሚያነብ ሰው ቀድሞ ስለሚያውቀው ይሳሳታል፤ እኔ ስለማላውቀው አልሳሳትም። የአንድ ሥጋ ቤት ታፔላ ተገልብጦ ታየ ብለው ዛሬም የሚያወሩ አሉ፤ ያ የሰቀሉት ሰዎች ጥፋት ነው እንጂ የእኔ አይደለም።

የታሲሳ ፎቶ ቤት ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ ከልብስ ሰፊዎቹ ትይዩ ነበር። አንድ ጥቁር ኮትና አንዲት ቀይ ክራቫት ሚስማር ላይ ተሰቅለዋል፤ የሌለው ለብሶ ይነሳል። ያቺን ክራቫት ያላሰረ የነቀምት ወንድ ካለ ወይ ሀብታም ነበር ወይ ፎቶ አልተነሳም። መስታወቱ አጠገብ በሰንሰለት የታሰረ ሚዶ አለ፤ የታሰረው ሦስት ከተሰረቀ በኋላ ነው። ጉርድ ፎቶ ሲሆን በነጭ ጨርቅ ፊት ነው። መናኸሪያው በር ላይ ያለው ሌላው ፎቶ ቤት ግን አውሮፕላን የተሣለበት መጋረጃ አምጥቶ ሙሽራውን ሁሉ ይወስድበት ጀመር። ታሲሳ ከንፈሩን ነክሶ ከረመ። አንድ ቀን ጠራኝና ካሜራውን የሸጠለት ፈረንጅ ከትቶት ከሄደው ሣጥን ውስጥ መዳፍ የምታክል ፎቶ አወጣ። የመርከብ ፎቶ ናት። ከጀርባዋ በፈረንጅ ቋንቋ ተጽፎባታል፤ ፈረንጁ «የጦርነቱ ጊዜ ነው» እንዳለው ብቻ ነው የሚያውቀው።

«እነሱ አውሮፕላን ካላቸው እኛ መርከብ ይኖረናል» አለኝ። «ጉተማ፣ ይቺን ግድግዳ አሳክላት።»

በሕይወቴ ከጊደ ወንዝ የሰፋ ውኃ አላየሁም። እሱም አላየም። አቡጀዲውን በባሕር ዛፍ አጣና ላይ ወጠርኩ፣ ሙጫና ኖራ ቀባሁት፣ ፎቶዋን በእርሳስ ካሬ ካሬ አድርጌ ሸነሸንኩና አንዱን ካሬ ለአንድ ክንድ አደረግኩት። አሥራ ሁለት ቀን ፈጀ። መርከቡ ወደ አንድ ጎኑ ተጋድሟል፤ አፍንጫውም ውኃው ውስጥ ገብቷል።

«ኦቦ ታሲሳ፣ ይኼ ለምንድነው የዘመመው?» አልኩት። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ አሁን አልልም።

አገጩን አሻሸ። «ፍጥነት ነው» አለ። «ፈረሰኛ ሲታጠፍ አያዘምምም?»

ያዘምማል። ጉግስ ላይ አይቻለሁ። አመንኩት።

«ውኃው ላይ ያሉት ነጠብጣቦችስ?»

«ዳክዬ ይሆናላ፤ ሌላ ምን ውኃ ላይ ይሄዳል?»

ሰባቱንም ዳክዬ አደረግኳቸው፤ ምንቃር ጨመርኩላቸው። ዳርቻው ላይ ተቀምጠው ልብስ የሚጨምቁ ሰዎች አሉ፤ አጣቢዎች ናቸው አልን። ጭስ ማውጫዎቹ ጭስ አልነበራቸውም። ያ ዓይኔን ቆረቆረኝ፤ ጭስ የማያወጣ ጭስ ማውጫ ምን ይሠራል ብዬ ከራሴ ሁለት ጥቅል ጥቁር ጭስ ለቀቅሁበት። ሲያልቅ ሁለታችንም ወደ ኋላ ሄደን አየነው። እውነቱን ልናገር፣ ያምር ነበር። ዛሬም ያምራል። ካሜራ ስር ሲታይ ግን የቆመው ሰው የወደቀ ይመስላል፤ መርከቡ ዘምሞ ሰውየው ቀጥ ሲል አይገጥምም። ታሲሳም መላ መታ። «ራስሽን ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣ በቃ!» ይላል ፎቶ ሊያነሳ ሲል። በእኛ አገር አንድ አሮጌ ፎቶ ከታሲሳ ቤት የወጣ መሆኑን ማወቅ ከፈለግህ ማኅተም አትፈልግ፤ አንገቱን እይ።

«ስሜ ይጻፍበት» አልኩት ያን ቀን። ከዚያ ሌላ ምንም አልጠየቅኩትም።

«ይጻፍ እንጂ!» ብሎ ወረቀት ላይ ጻፈልኝ። «ይኸው፤ ጉተማ ዲንሳ።»

በቀይ ቀለም፣ በጥቁር ጥላ፣ ከመርከቡ ግርጌ በስተቀኝ ጻፍኩት። እንደዚያ ቀን ተጠንቅቄ የጻፍኩት ነገር የለም። በማግስቱ እናቴን ከመንደር አምጥቼ በጣቴ እየነካሁ አሳየኋት። «ይኼ ጉተማ ነው፤ ይኼኛው አባቴ ነው» አልኳት። እናቴ ጎንበስ ብላ ፊደሉን ሳመችው። ታሲሳ አጠገባችን ቆሞ ነበር፤ ቃል አልተነፈሰም።

ያቺን ወረቀት አጣጥፌ ኪሴ ውስጥ ያዝኳት። ከዚያ ወዲያ የሠራሁት ታፔላ ሁሉ ከታች በኩል «ስሜ» ይጻፍበት ጀመር። ነቀምት ውስጥ ሥጋ ቤቱ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ልብስ ሰፊው። ጊምቢ ስጠራ እዚያም፣ ነጆ፣ ሻምቡ፣ አርጆ፣ ደምቢ ዶሎ ድረስ። በመላ ወለጋ ከተሞች የታሲሳን ስም በገዛ ብሩሼ እየዘራሁ ዞርኩ። ሰው ለምን አልነገረህም ትሉኝ ይሆናል። ማን ምን ብሎ ይነግረኛል? ጽሑፉን የሚያነበው ሁሉ የታሲሳ ቅጥር ሠራተኛ ነው ብሎ ነው የሚያስበው። «ታሲሳ እንዴት ያለ ጎበዝ ሠዓሊ ልኮልናል!» ይሉኛል፤ እኔ ደግሞ እሱን አመስግነው እኔን የሚያሞግሱ እየመሰለኝ በጨዋ ደንብ አንገቴን እደፋለሁ።

መጋረጃውማ ገነነ። ባለ መርከቡ ፎቶ ሦስት ብር ነው፤ አውሮፕላኑ ሁለት ብር ከሃምሳ። ሰው ግን ሃምሳ ሳንቲም ጨምሮ መርከቡን ይመርጥ ነበር። የሰርግ ሰሞን ሙሽሮች ከባኬ ጃማ፣ ከገጠሩም በበቅሎ እየመጡ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ሚዜዎቹ በር ላይ ይጨፍራሉ፣ አቧራው ከውስጥ መርከቡ ላይ ያርፋል፣ ታሲሳ በላባ እየጠረገ «ባሕሩን አታቆሽሹብኝ!» እያለ ይጮኻል። እኔ ከማዶ ቆሜ እስቅ ነበር። ደስተኛ ነበርኩ፤ ምን እደብቃለሁ። አላዋቂነት ሲመች እንዴት ያለ ነገር መሰላችሁ።

ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፣ የሱሪውም ስፋት ጠበበ፣ ለጎልማሶች መሠረተ ትምህርት ተብሎ ከሥራ መልስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንድንማር ተደረገ። መምህራችን እትዬ ብርሃኔ አባታቸው ከሸዋ የመጡ፣ እሳቸው ግን ነቀምት ተወልደው ኦሮምኛ የሚተርቱ ሴት ነበሩ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ «በ» ጽፈው «ይኼ ምንድነው ጉተማ?» ሲሉኝ «እሱን ስንት ጊዜ ቀብቼዋለሁ፤ ስሙን ነው የማላውቀው» አልኳቸው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በስድስት ወር ማንበብ ቻልኩ። ለምስክር ወረቀቱ ጉርድ ፎቶ አምጡ ተባልን፤ እኔም ክራቫቷን ላስር ወደ ታሲሳ ቤት ሄድኩ።

ተራ ስጠብቅ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ፣ እንደ አዲስ ተማሪ ያገኘሁትን ሁሉ አነብባለሁ። የሻይ ቅጠል ካርቶን አነበብኩ። የቀን መቁጠሪያ አነበብኩ። ከዚያ ዓይኔ ስሜ ላይ አረፈ። ከ«ጉ» እንዲጀምር ነው የጠበቅኩት። «ታ» አለኝ። ዓይኔን አሻሽቼ ደገምኩት። «ታ»፣ «ሲ»፣ «ሳ»።

«ኦቦ ታሲሳ፣ ይኼ ምን ይላል?»

«ጉተማ ዲንሳ ነዋ» አለ፣ ከካሜራው ጨርቅ ስር ሳይወጣ።

«'ታ' ነው የሚለው።»

«ገና ተማሪ ነህ» አለኝ። «እዚያ ፊደል ላይ አልደረስክም።»

ደርሼ ነበር። ግን ሰው ነኝ፤ ተጠራጠርኩ። ሮጬ እትዬ ብርሃኔን ጠራኋቸው። ጃንጥላቸውን ይዘው መጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ጮክ ብለው አነበቡ። ከዚያ ወደ ታሲሳ ዞረው «አንተ ሰው፣ አታፍርም?» አሉት።

«የፎቶ ቤቱ ስም ነው እትዬ፤ የንግድ ስም» አለ።

ከምስክር ወረቀቴ ላይ የፎቶው ቦታ ዛሬም ባዶ ነው።

አስተካክል አልኩት፤ «ደንበኛ ለምዶታል» አለኝ። ሰደብኩት፤ ሰደበኝ። ከዚያ መሰላሌን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጭኜ ወጣሁ። አራት ወር ከተማ ለከተማ እየዞርኩ ስሙን ከየታፔላው እያጠፋሁ ስሜን ጻፍኩ። የወጣሁት ተናድጄ ነው፤ ግን ከዚያ የበለጠ ያሳቀኝ ጉዞ የለም። ጊምቢ ላይ ባለወፍጮው ዱላ ይዞ ወጣ፤ «የታሲሳን ሥራ አታበላሽብኝ! አንተ ማነህ?» ይለኛል። ነጆ ላይ ባለሱቁ ታሪኩን ሰምቶ እንባው እስኪወርድ ስቆ አንድ ቅል ማር ሰጠኝ። ደምቢ ዶሎ ሻይ ቤት ያላት ሴትዮ ደግሞ «ወንድሜ፣ ሁለቱንም ተወው፤ ሁለቱም ስም ያምራል» አለችኝ። አልተውኩም። ስመለስ የታሲሳ ስም በእኔ እጅ ተጽፎ የቀረበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ መርከቡ።

ያቺን ልነካት አልቻልኩም። እኔን ሲያይ በሩን ይቆልፍ ነበር። እንዲህ ሆነን ዓመታት ከረምን፤ እኔ ከማዶ፣ እሱ ከወዲህ።

አንድ ጥር ላይ የልብስ ሰፊውን ታፔላ እያደስኩ መሰላል ላይ ነኝ። ከምፅዋ የመጣ መርከበኛ ሙሽራውን ይዞ ገባ ተባለ። ዋቅጋሪ ይባላል፤ የጊምቢ ልጅ ነው፤ ነጭ በነጭ ለብሶ እንደ ወተት ሲሄድ መንገዱ ሁሉ ይከተለው ነበር። ሙሽራዋ አስቴር የባኬ ጃማ ልጅ ናት። ታሲሳ «ለመርከበኛማ መርከብ ነው!» እያለ ሲያስገባቸው ሰማሁት። ቆየት ብሎ ከውስጥ እንዲያ ያለ ሳቅ ፈነዳ፣ መሰላሌ የተነቃነቀ መሰለኝ። ታሲሳ ፊቱ አመድ መስሎ በሩ ላይ ወጣ።

«ጉተማ! ና ውረድ! መርከብህን ተጠየቅ!»

መርከብህ አለኝ! ስንት ዓመት ስጠብቃት የነበረችው ቃል። እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም።

መርከበኛው ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዟል፤ ኋላ እንደነገረን፣ መጀመሪያ መጋረጃውን ሲያይ ለሞቱት አዝኖ ነው ያወለቀው። አሁን ግን እንባውን እየጠረገ ነው።

«አንተ ነህ የሣልከው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

«ወንድሜ፣ ይኼ መርከብ እኮ ሰምጧል!»

ፎቶዋን ከታሲሳ ተቀብሎ ጀርባዋን አነበበው። የመንገደኛ መርከብ ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ ከዳርቻ አጠገብ ተሰብሮ የሰመጠ ነው ይላል። ዳክዬዎቹ እየዋኙ የሚወጡ ሰዎች ጭንቅላት ናቸው። አጣቢዎቹም አጣቢ አይደሉም፤ የተረፉት መንገደኞች የራሰ ልብሳቸውን እየጨመቁ ነው። «ዳርቻው ቅርብ ነው፤ ብዙዎቹ ሳይተርፉ አልቀሩም» አለ፤ ያን ሲል ልቤ መለስ አለ። ከዚያ ጭሱን አየና እንደገና በሳቅ ተንከተከተ። «ሰምጦም ያጨሳል!»

«እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ» አለ ታሲሳ በሩ ላይ ለተሰበሰበው ሰው። «መርከቡን ያሰመጠው ጉተማ ነው!»

አያችሁ? ሲመሰገን የእሱ፣ ሲሰምጥ የእኔ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከተማው ሰማ። ያገባ ሁሉ የሰርግ ፎቶውን ከግድግዳ እያወረደ ይመረምር ጀመር። የልብስ ሰፊው ሚስት መንገድ መሐል ቆማ «ለካ ባሌ ቀጥ ብሎ የማይቆመው በዚህ ነው!» ብላ ጮኸች። እኔም «ጉተማ አስምጥ» ሆኜ ቀረሁ፤ ዛሬም ገበያ ላይ የሚጠሩኝ አሉ። የሚገርመው ከመጋረጃው ላይ የእሱ ስም ያን ቀንም አልጠፋም።

ታሲሳ መጋረጃውን ሊጠቀልል ሲል መርከበኛው ከለከለው። «አይደረግም! የዘላለም ኑሮዬን ከሰመጠ መርከብ ፊት ነው የምጀምረው። ከዚህ የከፋ ምን ይመጣል?» አለ። አስቴር እየሳቀች ቬሎዋን አስተካከለች። ራሳቸውን ወደ ግራ አዘመሙ። በዚያ መጋረጃ ፊት የተነሳ የመጨረሻው ፎቶ ያ ነው። ከዚያ ወዲያ ተጠቅልሎ ጓዳ ገባ፣ ምስጥ በላው። በሲፈን ስክሪን ላይ ያየሁት ይህንኑ ፎቶ ነው፤ ስሜ ሊጻፍበት ከሚችል ቦታም የቀረው እሱ ብቻ ነው።

ባነሩን ባየሁ በማግስቱ ወደ ማተሚያ ቤቱ ተመለስኩ። ሲፈን ባለቤቶቹ ሳይፈቅዱ ፊደል አልነካም አለች፤ ትክክል ናት። ደወለችና ስልኩን ሰጠችኝ።

«ጉተማ? አስምጥ? አለህ እንዴ አንተ?» አለ ዋቅጋሪ። ድምፁ አርጅቷል፣ ሳቁ አላረጀም። ጉዳዬን ነገርኩት። እስከ መጨረሻ ሰማኝ። «ስማኝ ወንድሜ፣ ኦቦ ታሲሳን የክብር እንግዳ ብለን ጠርተናል፤ ፎቶውን ያነሳው እሱ ነው። በድንኳኔ ውስጥ ጠብ አልፈልግም። ሄደህ ተነጋገር። ስሙ እንዲጠፋ አደርጋለሁ፣ ቦታው ባዶ ይሆናል። ማን እንደሚጻፍበት እናንተ ጨርሱ። ሳትጨርሱ ከመጣችሁ ባዶውን ይውላል።»

ታሲሳ ወደሚኖርበት ወደ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ሄድኩ። ታሲሳ ከቤቱ ደጅ አቮካዶ ጥላ ስር ብርድ ልብስ ለብሶ ተቀምጧል። ሰውየው አልቋል፤ ከድሮው የቀረው አፍንጫው ብቻ ነው።

«ኮቱ፣ ታኢ» አለኝ። ና፣ ተቀመጥ ማለቱ ነው። ተቀመጥኩ።

«ልትታረቀኝ ነው ወይስ ልትቀብረኝ?» አለ።

«ስሜን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«ከሰመጠ መርከብ ላይ ስም ምን ያደርግልሃል?»

«ብሰምጥም በስሜ ልስመጥ። አንተ ምን አገባህ?»

ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ውኃ አቀበልኩት። ጠጥቶ ብርጭቆውን መለሰልኝ። «የፎቶ ቤቱን ስም ልጽፍ ነበር» አለ በመጨረሻ። «አንተ እየሮጥክ 'ይኼ ስሜ ነው?' አልክ። ለቀልድ 'አዎ' አልኩ። ነገ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። በማግስቱ እናትህን አመጣህ።»

እንዲያ አልነበረም። ሳልጠይቀው ነው ወረቀቱን የሰጠኝ፤ እኔ አስታውሳለሁ። ግን አልተከራከርኩትም፤ እናቴ የመጣችበትን ቀን እሱም አለመርሳቱ አፌን ያዘኝ።

«ይህንኑ ድንኳኑ ውስጥ ተናገረው» አልኩት።

«በሰው ፊት?»

«ያሰመጠው እሱ ነው ያልከው በሰው ፊት አልነበረም?»

ብርድ ልብሱን ወደ አገጩ ሳበ።  ተነስቼ ሄድኩ።

የበዓሉ ቅዳሜ ደረሰ። ባኬ ጃማ ድንኳኑ ሞልቷል፣ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ያሞቁታል፣ ልጆችና የልጅ ልጆች በፎቶው ስር ተሰልፈው አንገታቸውን ወደ ግራ እየሰበሩ በስልካቸው ይነሳሉ። ባነሩ ግድግዳ አክሏል። ሰባቱም ዳክዬ አሉ። ግርጌው ላይ እንደተባለው ባዶ ነው። የክብር ወንበሩም ባዶ ነው። ምሳ ተበላ፣ ወንበሩ ባዶ ነው። እኔ ከጥግ ተቀምጬ ቀይ ቀለምና ብሩሽ የያዘ ፌስታሌን በጉልበቴ መሐል ይዣለሁ። ሲፈን መጥታ በጆሮዬ «አባባ፣ ኮምፒዩተሩ ላይ ጽፌ ላምጣልዎት?» አለችኝ።

«በእጄ ነው የተሰረቅሁት፤ በእጄ ነው የምወስደው» አልኳት።

ስምንት ሰዓት አልፎ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመ። ታሲሳ በምርኩዝ ወረደ። ወደ ወንበሩ አልሄደም፤ ቀጥ ብሎ መዘምራኑ ጋ ሄዶ ማይክራፎኑን ተቀበለ። 

«እኔ ከእንግዲህ ፎቶ አላነሳም፤ ንግግርም አላበዛም» አለ። «ይህን ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ። መርከቡን የሣለው ጉተማ ዲንሳ ነው። ማንበብ አይችልም ነበር። ያንተ ስም ነው ብዬ ስሜን አስጻፍኩት። እናቱም ፊደሉን ስማዋለች። አጥፍቻለሁ።»

 ዋቅጋሪ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ አስቴር፣ የአርባ ዓመቷ ሙሽራ፣ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ሴቶቹ ሁሉ ተቀበሏት።

ወንበር ላይ ወጣሁ። ሁለት ጎረምሶች እግሬን ያዙ። ታሲሳ የቀለሙን ቆርቆሮ ለማንም አልሰጥም ብሎ በሁለት እጁ ይዞ ስሬ ቆመ። «ፎቶው የእኔ ነው፤ እሱን እንዳትረሳ» አለኝ ከታች። ነገረኛነቱ አልለቀቀውም፤ ግን እውነቱን ነው፣ ጻፍኩለት። ከእሱ በታች የእኔን ጻፍኩ፤ «ሥዕል፦ ጉተማ ዲንሳ»። ስወርድ መነጽሩን አውጥቶ ፊደል በፊደል አነበበውና «ልክ ነው» አለ።

ቀኑንም ሳልወርድ ከስሜ ስር አኑሬው ነበር፤ ጥር ሃያ አራት፣ ቅዳሜ። ነገሩ ያለቀው ያን ቀን ነው።